የብድር ክስ 10 ዓመት፣ የባጃጅ ግጭት ክስ 2 ዓመት

ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱ ጣና ላይ ለሚሠራ ጓደኛው የጀልባ ሞተር መግዣ በጽሑፍ ውል አበደረ። ሌላዋ ጊሽ ዓባይ አካባቢ ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ። ሁለቱም ሦስት ዓመት ዝም አሉ።

አበዳሪው ምንም አልሆነም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት፣ ሌላ ሕግ ካላሳጠረው በቀር፣ የውል ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ከተፈራረሙበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ ነው። ደግሞ ተበዳሪው መሃል ላይ ትንሽ ከከፈለ ወይም ዕዳውን ካመነ ይርጋው ተቋርጦ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

የተጎዳችዋ ግን ችግር ላይ ናት። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ቁጥር 2143 የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከ2 ዓመት ከረዘመ ረጅሙ ይሠራላታል፤ ስለዚህ የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ካለ መጀመሪያ እሱን ይዛ ጠበቃ ጋ ትሂድ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ «በሽማግሌ ይዘነዋል» እየተባለ ዓመቱ ያልቃል፣ ሽምግልና ደግሞ ብቻውን ይርጋ አያቆምም።

በነገራችን ላይ ዳኛው ራሱ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ክሱን አይዘጋም። ተከሳሹ ማንሳት አለበት፣ ጠበቃ ካለው ግን አይረሳትም።