የማይክ ካፕሱል በምን ይያዝ? ሱፐር ግሉ፣ ሆት ግሉ፣ ኢፖክሲ፣ ሲሊኮን ወይስ የሳይክል ካላማደሪያ

እቤቱ ለአማተር ሬዲዮ ሃንድሴት (በእጅ ይዘን የምናወራበትን ማይክ) የሚሠራ ሰው ፒቲቲ ቁልፉን፣ ማለትም ለማውራት የምንጫነውን፣ አስገብቶ፣ ገመዱን ሶልደር አርጎ ሲያበቃ አንድ ነገር ይቀረዋል፣ ያቺ ድምፅ የምትቀበለው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ካፕሱል እውስጥ በምን ትያዝ የሚለው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እጁ ላይ ያገኘውን ሙጫ ጠብ አርጎ ይዘጋዋል። እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው፣ አሁን ግን አምስቱንም በባህር ዳር ሙቀትም በክረምቱም ሞክሬያቸዋለሁ፣ ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡት።

የማወራው ኤሌክትሬት ስለሚባለው የካፕሱል ዓይነት ነው። ወደ 10 ሚሊሜትር የምትሰፋ፣ ፊቷ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት የሶልደር ነጥብ ያላት (ከቅርፊቷ ጋ የተገናኘችው ነጥብ ግራውንድ ናት)። ውስጧ በጣም ስስ ሽፋንና አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አለ። ሙቀት ይጎዳታል፣ በፊቷ የሚገባ ፈሳሽ ወይም ትነት ይጎዳታል፣ ከጣታችን በፕላስቲኩ በኩል የሚመጣው ንዝረት ደሞ ድምፁን ያበላሸዋል። ክብደት ስለሌላት የሙጫው ጥንካሬ ምንም አይጠቅማትም፣ መጠየቅ ያለባችሁ እነዚህን ሦስቱን ነው።

ሱፐር ግሉ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ በሰከንድ ይይዛል፣ ለካፕሱል ግን በጭራሽ! አንዷን በሱ ይዤ ክዳኑን ወዲያው ዘጋሁትና በነጋታው ሬዲዮ ላይ የሚሰሙኝ ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበህ ነው እንዴ የምታወራው አሉኝ። ስከፍተው ጥቁሩ ጨርቅ ዙሪያውን አመድ የነካው መስሏል፣ በምላጭ ጫፍ ስነካው እንደ ድርቆሽ ተሰበረ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነት ያወጣል፣ ትነቱ የተዘጋ ቦታ ላይ ያገኘው ነገር ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ ፈሳሹንም ጨርቁ ራሱ ይስበዋል። ያቺ ካፕሱል አልዳነችም።

ሆት ግሉ ከዚህ በጣም ይሻላል። ቶሎ ይይዛል፣ ትንሽ ለስለስ ስለሚል ንዝረቱንም በመጠኑ ይቀንሳል፣ ካልወደዳችሁት ጠርዙን በአይሶፕሮፒል አልኮል ስታረጥቡት ይላቀቃል። እንደ ሙጫ ማቅለጫ ሽጉጡ ዓይነት ከ120 እስከ 190 ዲግሪ ስለሚሞቅ ባለ ዝቅተኛ ሙቀቱን ግዙ፣ ካፕሱሏን አትሙሏት፣ ዳር ዳሯን ሦስት ቦታ ጠብ ጠብ ይበቃል። ችግሩ ፀሐይ ነው። ሚያዝያ ላይ ባጃጅ መስታወት ስር የተረሳ ጥቁር ሃንድሴት ውስጥ ሙጫው ይለሰልሳል፣ የኔዋ ካፕሱል ከቀዳዳው ወርዳ ግድግዳውን እያየች ነው ያገኘኋት። ከቤት ለማይወጣ ሬዲዮ ግን ሆት ግሉ ይበቃችኋል፣ ሌላ አትግዙ።

ኢፖክሲ፣ ሁለት ቱቦ እኩል ቀላቅለን የምንቀባው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ካፕሱል ላይ ስታደርጉት የጣታችሁ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተቀባዩ ጋ ይደርሳል፣ ካፕሱሏ ስትበላሽም አትወጣም። ቦታው ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ሲሊኮን ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ነው። ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ መዳብና የሶልደር ነጥብ ይበላል፣ ለመስኮት ነው የሚሆነው። ቱቦው ላይ ኒውትራል የሚል ካለው ግዙ፣ ትንሽ ይወደዳል ግን ሙቀት አይፈራም፣ እርጥበት አይፈራም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ በምላጭ ይነሳል። ዋጋው ትዕግስት ነው፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚደርቅ እስኪደርቅ ክዳኑን አትዝጉ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ባህር ዳር የሳይክል ከተማ ናት፣ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ሂዱና የተበሳ አሮጌ ካላማደሪያ ስጠኝ በሉት፣ በነፃ ይሰጣችኋል። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡት፣ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ካፕሱሏ ላይ እንዳይራገፍ። ከዛ 6 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ጥብጣብ ቁረጡና ካፕሱሏን ሁለቴ ጠቅልሏት፣ ፊቷንና የጀርባዋን ነጥቦች እንዳይነካ። የጎማው ውፍረት አንድ ሚሊ አካባቢ ስለሆነ ወደ 14 ሚሊሜትር ትደርሳለች። ሃንድሴቱ ግድግዳው ስስ ነው፣ ብቻውን አይዛትም፣ ስለዚህ ከ16 ሚሊ የኤሌክትሪክ ፓይፕ (የውስጥ ስፋቱ 13 አካባቢ ነው) አንዲት ቀለበት ቁረጡ። ኢፖክሲው እዚህ ነው የሚያስፈልገው! ቀለበቷንም የሃንድሴቱን ውስጥም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና በኢፖክሲ ለጥፏት፣ በደንብ ሲደርቅ ካፕሱሏን ከነጎማዋ ገፋ አርጋችሁ አስገቧት። ከድምፅ ቀዳዳውና ከሷ መሃል ስስ ስፖንጅ አድርጉ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ የሚነሳውን ነፋስ ያለ ስፖንጅ አትችሉትም። ወደ ዘጌ በጀልባ የምትመላለሱ ካላችሁ ከጀርባ በኩል አንድ ጠብታ ኒውትራል ሲሊኮን ጨምሩበት፣ በቃ አትንቀሳቀስም።

ግን ጀርባውን ከመድፈናችሁ በፊት እዩት። ጀርባዋም ቀዳዳ ካላት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምትሰማዋ ናት፣ እሷን ከኋላ ከደፈናችኋት ከጎን የሚመጣውን ድምፅ መለየቷን ታጣለች። ቀዳዳ ከሌላት ግን ድፈኗት፣ በተለይ ከድሮ ስልክ እጀታ የምትሠሩ ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ጣሳ ጣሳ ይላል።

ሽቦውን ሰዎች ይረሱታል። ጎማው ንዝረቱን ቢያቆምም ወፍራም ደረቅ ሽቦ ከሆነ ንዝረቱ በሱ በኩል ይመጣል፣ ስለዚህ ከሰርኪዩቱ እስከ ካፕሱሏ ቀጭን ባለ ብዙ ክር ሽቦ፣ ትንሽ ላላ ተደርጎ። ዋናው ገመድ ደሞ መግቢያው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር፣ ሲጎተት ካፕሱሏ እንዳትጎተት። ሶልደሩን ሳታስገቧት በፊት፣ ከሁለት ሦስት ሰከንድ ሳያልፍ ጨርሱት፣ በዛው ሁለቱ ነጥቦች ላይ 100 ፒኮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ብታደርጉ ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ሞገዱ ማይኩ ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርመውን ይቀንስላችኋል።

ሲያልቅ በትንሹ ፓወር፣ ፈቃድ ካላችሁ፣ ሌላ ክፍል ያለ ሰው ሁለተኛ ሬዲዮ ላይ ያዳምጥ። እናንተ ፓፓያ፣ ፓስታ፣ ፖሊስ በሉ፣ ከዛ ምንም ሳትናገሩ ቁልፉን ይዛችሁ አውራ ጣታችሁን ሃንድሴቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አሹት። ፓ ስትሉ ቡፍ ካለ ስፖንጁን አወፍሩት፣ የጣታችሁ መፋተግ ከተሰማ ጎማው የሆነ ቦታ ላይ ቅርፊቷን ለቆ ፕላስቲኩን እየነካች ነውና አውጥታችሁ እንደገና ጠቅልሏት።