የቫልቭ ጎሚኒ ካስቀየርኩ ወዲህ የጠዋቱ ጭስ የት ገባ?

የመኪናዬን የቫልቭ ጎሚኒዎች፣ ማለትም በቫልቩ ዘንግ በኩል ዘይት እንዳይወርድ የሚዘጉትን ትንንሽ ጎማዎች፣ በሙሉ ያስቀየርኩት ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱ አለፈ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም አለፈ። አሁን የካቲት ላይ ሆኜ አፌን ሞልቼ እላለሁ፦ ዕቃው ሠርቷል።

መኪናዋ 1300 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ የቤንዚን ናት። ከማስቀየሬ በፊት ጠዋት ሳስነሳት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይል ነበር፤ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። አንድ ጋራዥ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ፋሻ ቢያልቅማ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ፣ በተለይ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ማጨሷ አይቀርም ነበር። አድሮ ጠዋት ብቻ የሚመጣ ሰማያዊ ጭስ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ጎሚኒውን ነው። ጎሚኒው ሲደርቅ ዘይት ሌሊቱን በቫልቩ ዘንግ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ጠዋት የሚቃጠለው እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ከእንጦጦ ቁልቁል እግሬን ከነዳጅ አንስቼ በማርሽ ወረድኩ። ታች ደርሼ ነዳጅ ስረግጥ ጭሱ ከኋላዬ ተነሳ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አየር ስለሚያጥረው በላላው ጎሚኒ በኩል ዘይት ይመጥጣል። ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚያምቁትን ግፊት) አስለካሁ፤ አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረው ድጋሚ ሲለኩት ቁጥሩ ያን ያህል አልጨመረም። ችግሩ ፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ዘለል ይል ነበር።

ሥራው ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሳይወርድ ተሠራ። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ሞልተው፣ ቫልቩ እንዳይወድቅ ይዘው ስፕሪንጉን ይፈታሉ። ትዕግሥት ያለው መካኒክ ይፈልጋል። የወጡትን አሮጌ ጎሚኒዎች ተቀብዬ በጣቴ ጫን ሳደርጋቸው እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰነጠቁ። ያስገባሁት ቪተን የሚባለውን ነው፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይችላል። ከተለመደው ጎማ ይወደዳል፣ ግን ዋናው ወጪ የእጅ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማጨሷ አልቀረም፤ ማርሚታው ውስጥ የከረመው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ጭስ አላየሁም። ከዘይት ቅያሪ እስከ ዘይት ቅያሪ መሃል ላይ መጨመርም ቀርቷል። ካንዴላዎቹም ደረቅ ሆነው ነው የሚወጡት።

በታኅሣሥ ብርድ ነጭ ነገር ሲወጣ ጎረቤቴ «ተመለሰባት» ብሎ ነበር። ነጭ ወረቀት ማርሚታው አፍ ላይ ያዝኩ፤ ውኃ ብቻ፣ የቅባት ምልክት የለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይሰጣል፤ ማርሚታው እስኪሞቅ በእንፋሎት ይወጣል። ነጩ ጭስ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ የራዲያተር ውኃም ከጎደለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ነው የሚጠረጠረው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ከአየር ፊልትሮ ጀምሩ። ለሁለቱም ጎሚኒ አይረዳም።

ብዙ ሰው ወፍራም ዘይት፣ 20ደብሊው-50 ጨምሮ ጭሱን ያስታግሳል። እኔ አልወደውም። በብርድ ጊዜ ወፍራም ዘይት የሞተሩ የላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ የደረቀው ጎሚኒም እዚያው ነው። የሚቃጠለው ዘይት ደግሞ ካታሊስቱን (የጭሱን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰውን ዕቃ) እያበላሸ ይሄዳል፤ እሱ ሲበላሽ ዋጋው የትየለሌ ነው።

ልታስቀይሩ ከሆነ ፒሲቪ ቫልቩንም (ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን ጋዝ የሚያስተነፍሰውን) አብራችሁ አስፈትሹ። ተደፍኖ ወይም ተጣብቆ ከሆነ አዲስ ጎሚኒ ገብቶም ዘይት መብላቷ ሊቀጥል ይችላል።