የልጆች መጥረጊያ፦ ለትንሽ እጅ የሚመች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ካለው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ የልጆች መጥረጊያ ከነማፈሻው ገዛሁ። 350 ብር። ለ4 ዓመቷ ልጄ ነው።

መጥረጊያውን በጣም ወድጄዋለሁ። እጀታው ደረቷ ድረስ ብቻ ነው፤ ቀላል ነው። በትልቁ መጥረጊያ ስትሞክር ጫፉ ግድግዳ እየመታባት ተናዳ ትተወው ነበር። በዚህ ዕድሜ ልጅ ያየውን ሁሉ መሥራት ይፈልጋል። የሚሰለቸው ዕቃው ሲከብደው ነው። አሁን ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ ቄጠማውን የምትጠርገው እሷ ናት። "እማዬ፣ እኔ ልጥረገው!" ትላለች። ከረሜላ ቃል መግባት አያስፈልግም። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ከሶፋው ሥር ያለውንም አወጣሽው" ማለት ይበቃል። የሠራችውን ለይቶ መንገር ዝም ብሎ "ጎበዝ" ከማለት ይበልጣል። ደግሞ እባካችሁ፣ እያየች መልሳችሁ አትጥረጉባት። ቅስሟ ይሰበራል።

ማፈሻው ግን ደካማ ነው። ጠርዙ ወለሉ ላይ አይተኛም፣ አቧራው በሥሩ ያልፋል። የሰፈራችንን የበጋ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መጥረጊያውን ለብቻው ሽጥልኝ ብለው ሻጩ እምቢ አለኝ።

ቢሆንም ትንሽ ልጅ ያላችሁ ግዙት። ሰማያዊውን ምረጡ፣ ፀጉሩ ለስለስ ይላል።