ወደ ግል የተዛወረ የውሃ አገልግሎት፦ ከሁለት ዓመት ደንበኝነት በኋላ

የውሃ አቅርቦታችን በረጅም ጊዜ ውል ለአንድ የግል ኩባንያ ከተላለፈ ሁለት ዓመት ስለሞላው፣ የአገልግሎቱን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ ብዬ አምናለሁ። ቀድሞ ቆጣሪ ለማስቀየር ግማሽ ቀን ወረፋ እይዝ ነበር፤ ፋይሉ አልተገኘም ተብሎ «ነገ ይመለሱ» የተባልኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ክፍያው በስልክ ያልቃል፣ ውሃ የሚቋረጥበት ሰዓት አስቀድሞ በአጭር መልእክት ይደርሰኛል፣ ቅሬታ ሳቀርብም የመዝገብ ቁጥር ይሰጠኛል። ለዚህ ክፍል ሙሉ ነጥብ ብሰጥ አላጋነንኩም።

ችግሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። ከበሬ ፊት ለፊት ያለው መስመር ፈንድቶ ውሃው መንገዱን ሲያጥበው አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አምስት ትሕትና የተሞላባቸው መልሶችና አምስት የቅሬታ ቁጥሮች አገኘሁ፣ ጠጋኞቹ ግን የመጡት በ12ኛው ቀን ነው። ነገሩ ስላልገባኝ ውሉን አስፈልጌ አነበብኩት። የደንበኛ ስልክ በስንት ሰከንድ መነሳት እንዳለበትና ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት በዝርዝር ሰፍሯል፤ የፈነዳ ቧንቧ በስንት ቀን እንደሚጠገን ግን አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ኩባንያው ሰነፍ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የተጻፈለትን በትክክል ፈጽሟል። ውሉን ያረቀቀው ደግሞ ያው ወረፋ ያስያዘን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

በሞባይል ስልክ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ወደ ሌላ ድርጅት እዛወር ነበር። በአንድ ሰፈር ሁለት የውሃ መስመር ጎን ለጎን የሚዘረጋ ባለመኖሩ ግን ይህ መብት የለኝም፤ ወደ ግል ማዛወር ያመጣዋል የሚባለው የውድድር ጥቅምም እዚህ ላይ ይቆማል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1989 አሥሩ የመንግሥት የውሃ ድርጅቶች ዕዳቸው ተሰርዞላቸው ለግል ሲሸጡ ተስፋው የጎደለውን ኢንቨስትመንት ማምጣት ነበር። በእርግጥም ገንዘብ ፈስሷል፣ የመጠጥ ውሃውም ሆነ የባሕር ዳርቻዎቹ ጥራት ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ያለ ዕዳ የተረከቡት ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ እያከፋፈሉ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተበድረዋል፤ ወደ መስመሩ ከሚገባው ውሃም አንድ አምስተኛው ገደማ ከደንበኛው ሳይደርስ ይፈሳል። ፓሪስ በበኩሏ ለ25 ዓመት በሁለት የግል ኩባንያዎች ካሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎቱን ወደ ከተማው መልሳ፣ በቀጣዩ ዓመት ታሪፉን በ8 በመቶ ቀንሳለች። ይህ ማለት ግን የመንግሥት እጅ ሁሉ የፓሪስ እጅ ነው ማለት አይደለም፤ የእኔ የጠፋ ፋይል ምስክር ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱ ለደንበኛ አገልግሎቱ፣ አንዱ ለውሃው ንጽሕና። አገልግሎታቸው ሊዛወር የታሰበ ነዋሪዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት የጥገና ቀነ ገደብና መቀጮ መካተቱን ይጠይቁ፤ ከተፈረመ በኋላ ጥያቄው ለሚቀጥለው ውል ነው የሚቀመጠው። ከበሬ ፊት የተቆፈረው ጉድጓድ በአፈር ተደፍኖ እስካሁን አስፋልት አልለበሰም፤ ለእሱም የቅሬታ ቁጥር አለኝ።