«የቆዳ ስቴም ሴል» ተብሎ ለቁስል የሚሸጠውን ዱቄት አትግዙ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መንዝ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ወይም በእሳት የተቃጠለ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በየሰፈሩ እየዞሩ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክም እያስተዋወቁ «የቆዳ ስቴም ሴል» (ስቴም ሴል ማለት እየተራባ ገላን የሚያድስ ግንደ ሕዋስ ነው) የሚሉትን ዱቄትና ቅባት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አልድን ያለ ቁስል ያለበት ሰው ማን ቤት እንዳለ አጠያይቀው ነው የሚመጡት። በሦስት ሳምንት ይዘጋል ይላሉ። አይዘጋም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሚያባክነው ጊዜ ነው። የስኳር ቁስል ጊዜ አይሰጥም።

የአክስቴን ልንገራችሁ። ስድሳን ያለፈች፣ ስኳር ካለባት የቆየች ሴት ናት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ማታ እግር ወደ ከሰሉ ይጠጋል። ስኳር የቆየበት ሰው ደግሞ እግሩ ይደነዝዛል፣ ሲቃጠል አይሰማውም። ጠዋት ካልሲዋን ስታወልቅ ነው ጣቶቿ ሥር ውሃ መቋጠሩን ያየችው። ከዚያ ጤና ጣቢያ እየሄደች ይታጠብላታል፣ ፋሻዋም ይቀየራል፤ ቁስሉ በዝግታም ቢሆን እየጠበበ ነበር።

በዚህ መሀል ነው የዕድር ጓደኛዋ ዘመድ የሆነ ልጅ ቤቷ ድረስ የመጣው። «እማማ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም፣ ከመድኃኒት በላይ ነው። ራሱ አዲስ ቆዳ ያበቅላል» አላት። አንዱ ፓኬት 14 ሺህ ብር። ሁለት ለገዛ ሰው «አባልነት» አለው፤ ሌላ ሰው ካመጣች ደግሞ ኮሚሽን ታገኛለች። ግማሹን ሳሼ በውሃ በጥብጣ እንድትጠጣ፣ ግማሹን ቁስሉ ላይ እንድትነሰንስ ነገራት። ከሁሉ የከፋው ምክሩ ግን ሌላ ነው፤ ሴሉ እንዳይረበሽ ፋሻው አይፈታ አለ። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ደውላ ጠየቀችው። «እየሠራ ነው ማለት ነው፣ መርዙን እያወጣ ነው» ብሎ አረጋጋት።

ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። ዱቄቱ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ተቦክቶ ደርቆ፣ አመድማ ቅርፊት ሆኗል። ላይ ላዩን ላየው ቁስሉ የደረቀ ይመስላል። በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አርሳ ጠርዙን ቀስ ብላ ስታነሳው ከሥሩ መግል ወጣ፤ ከመግሉ በታች ያለው ሥጋ ጠቁሯል። የአክስቴ ሁለት የእግር ጣቶች ተቆርጠዋል። እግሯ ተርፏል፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ፓኬቱን ወስጄ አንድ በአንድ አነበብኩት። ፊት ለፊቱ ላይ የተቆረጠ ፖምና የምትስቅ ሴት ፊት አለ። ጀርባው ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈው ደግሞ የምግብ ማሟያ መሆኑን፣ የትኛውንም በሽታ ለማከምም ሆነ ለመከላከል እንዳልተዘጋጀ ይናገራል። ሻጩ በአማርኛ የሚምለውን ፋብሪካው ራሱ በእንግሊዝኛ ክዶታል። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ከሚበልጠው ተጀምሮ ነው፤ የዚህኛው መጀመሪያ ማልቶዴክስትሪን ነው። ማልቶዴክስትሪን ከስታርች የሚሠራ፣ ሆድ ሲገባ ፈጥኖ ወደ ግሉኮስ የሚለወጥ ነገር ነው። ለስኳር ሕመምተኛ በየቀኑ በጥብጠሽ ጠጪ የተባለው ይሄ ነው! «የፖም ስቴም ሴል» የሚለው ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል።

ስቴም ሴል የሚባለው ነገር ራሱ ውሸት አይደለም፤ ሰውም የሚታለለው ለዚህ ነው። ግንደ ሕዋስ በሁላችንም ገላ ውስጥ አለ። በላይኛው ቆዳችን የታችኛ ንብርብር ውስጥና በፀጉራችን ሥር ዙሪያ ሆኖ እየተራባ ቆዳችንን ያድሳል። ቢላ ሲቆርጠን ቁስሉ ላይ አዲስ ቆዳ የሚመልስልን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሰውን የቆዳ ሴል ከገላ ውጭ በላቦራቶሪ ማራባት እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ95 በመቶ በላይ ገላቸው የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች፣ ከራሳቸው ገላ ከተወሰደ ትንሽ ቁራጭ በተራባ ቆዳ ሕይወታቸው ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጀርመን ቦኹም ከተማ ውስጥ፣ በዘር በሚተላለፍ ሕመም ቆዳው እየተላጠ ሊሞት የደረሰ የ7 ዓመት ሶርያዊ ልጅ ነበር። የጣልያን ተመራማሪዎች ከእሱ የወሰዱትን ቆዳ የዘረመል ጉድለቱን አርመው አራቡት፤ ሐኪሞቹም ከገላው 80 በመቶ የሚሆነውን በአዲሱ ቆዳ ሸፈኑለት።

እንግዲህ ይህ እንዴት እንደተሠራ ልብ በሉ። ቆዳው የተወሰደው ከሕመምተኛው ከራሱ ነው፤ በላቦራቶሪ ለሳምንታት ተራብቷል፤ ቀዶ ሐኪም ነው በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለበሰው። ሴሉ ሕይወት ያለው ነገር ነው። እያደገ ሳለ ምግብና የገላ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ ከተባለ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው የሚቆየው። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በሚያነደው ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የከረመ ዱቄት ሕያው ሴል የለውም። ከእሱ ቆዳ መጠበቅ ቆሎ ዘርቶ ገብስ ይበቅላል እንደ ማለት ነው። የፖሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከፖም ሴል የሚወጣ ጭማቂ ለመዋቢያ ቅባት ይገባል፣ ያ የታወቀ ነው፤ የተክል ሴል ግን ሕያው እንኳ ቢሆን የሰው ቆዳ አይሆንም።

ለስኳር ቁስልም ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት በሚወሰዱ ሴሎች ምርምር እየተደረገ ነው። እነዚህ ሴሎች በአብዛኛው የሚያግዙት ራሳቸው ቆዳ በመሆን አይደለም፤ አዲስ የደም ሥር እንዲያድግና መቆጣቱ እንዲበርድ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን በመልቀቅ ነው። ተስፋ አለው፣ እኔም በጉጉት የምከታተለው ነው። ሆኖም በሰፈር የሚሸጥ ነገር አልሆነም። «መርፌው አለ፣ ውጭ አገር እንላካችሁ» የሚሏችሁም ካሉ ተጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ ያልተፈቀደ መርፌ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል መግባታቸውን የአገሪቱ ጤና መሥሪያ ቤት አሳውቋል።

ለስኳር ቁስል ዛሬ በእጃችን ያለው ሕክምና ሰው ስለለመደው ይናቃል፣ ግን እግር ያተርፋል። ቁስሉ በየጊዜው ተከፍቶ ይታጠብ፤ የሞተውን ሥጋ ባለሙያ ይጥረገው፤ የደም ስኳሩ ይስተካከል። የቆሰለው እግር ክብደት እንዳያርፍበት ማድረግም የሕክምናው ግማሽ ነው፣ ይሄን ግን ብዙ ሰው አይሰማም፤ በቆሰለ እግር ገበያ ውሎ የሚመለስ ስንት አለ። ኮንጎ ጫማም የደነዘዘ እግርን ይልጣል። የስኳር ሕመምተኞች በየማታው እግራችሁን ከሥሩ ሳይቀር እዩ፤ ማየት ያቃተው ልጆቹ ይዩለት። እግራችሁን ከሰል ላይ አታሙቁ፣ በወፍራም ካልሲና በባና ይሞቃል። ቁስሉ ከሸተተ፣ ከጠቆረ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለውን ደግሞ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ሳትቀቡ ንጹሕ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም።

ሻጩ ሲመጣ ደረሰኝ ጠይቁት። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ለአክስቴ የተሰጣት ግን በቴሌብር የከፈለችበት መልእክት ብቻ ነው፣ እሱም በግለሰብ ስም። መድኃኒት ነው ካለም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ያሳይ። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ አሁኑኑ አቁሙና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ፋሻውን አስፈቱ፤ ያደረጋችሁትን ሳትደብቁ ንገሯቸው፣ ነርሷ ፓኬቱን ብታየው ይጠቅማታል። ስለዚህ ፓኬቱን አትጣሉት። የከፈላችሁበትን መልእክትም አታጥፉ። ከዚያ በባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ደውላችሁ አመልክቱ፤ እኛ አመልክተናል፣ ፓኬቱንም ፎቶ አንስተን አስቀምጠናል።