ከአጃቢው ባንድ የሚጀምር ሱቅ

ጅማ ውስጥ የካሴት ቤት ጠፍቷል ብላችሁ ተስፋ ከቆረጣችሁ፣ ወደ ሄርማታ መርካቶ ውረዱና ከጨርቅ ሻጮቹ ጀርባ ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ጠይቁ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ አሮጌ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ቆሟል፤ በላዩ የባትሪ ድንጋይ፣ የስልክ ቻርጀርና ማስቲሽ ተደርድሯል። የሱቁ ኪራይ የሚወጣው ከእነዚያ ነውና አትሳቁ። ሙዚቃው ያለው ከመጋረጃው ወዲያ ነው።

ይህን ሱቅ ከሌላው የሚለየው አደራደሩ ነው። አገራችን ውስጥ ካሴት የሚታወቀው በዘፋኙ ስም ነው። ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ አስቴር እየተባለ ይቀመጣል፤ ያጀበው ባንድ ስም ሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ይቀራል፤ እሱም ከተጻፈ ነው። እዚህ ግን መደርደሪያዎቹ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «ሮሃ»፣ «ዋሊያስ»፣ «ዳህላክ»፣ «አይቤክስ»፣ «ኢትዮ ስታር» የሚል ነው። የምትፈልጉትን ዘፋኝ ለማግኘት ማን እንዳጀበው ማወቅ አለባችሁ። ካላወቃችሁ ባለቤቱ ቀና እንኳን ሳይሉ ይነግሯችኋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

አደራደሩ መጀመሪያ አናደደኝ። እቃ ደብቆ ማስፈለግ መሰለኝ። ጥቅሙ የገባኝ የማህሙድን አንድ ካሴት ስፈልግ፣ እዚያው ጎን ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሦስት ዘፋኞች ስላጋጠሙኝ ነው። አንዱን አስከፈትኩ። የዘፋኙ ድምፅ እምብዛም ነው፤ እንዲያውም ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ «ድምፁን ተወውና ቤዝ ጊታሩን ተከተል ልጄ» አሉኝ። ተከተልኩ። ያ በዝግታ እየተጎተተ መጥቶ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል የሚፈጥን የቤዝ ምት፣ ለዓመታት በማህሙድ ዘፈኖች ሥር ስሰማው የኖርኩት ነው። ማን ይጫወተው እንደነበር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የጋሼ ወሬ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከአምሃ እሸቴ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ በ1969 በራሱ ስም አሳታሚ ከፈተና እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትልልቆች አወጣ። በእሱ እግር አሊ አብደላ ካይፋ፣ ማለትም አሊ ታንጎ፣ መጣ። ዋሊያስ በ1977 ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የሠራውን ሸክላ ያወጣው እሱ ነው። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ «ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ! ማን ይገዛዋል ብሎ ነው?» ይላሉ። ለእሳቸው ጀግናው ያንን የደፈረው ነጋዴ ነው። ከባንዱ አባላት ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ አራቱ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 በትንሽ አሳታሚው በኩል እንደገና እስኪያወጣው ድረስ፣ ሰውየው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ያ ካሴት ጅማም ነበር፤ የአንዱ ቅጂ እዚህ ሱቅ አለ፣ አይሸጥም።

የከተማችን ልጅ ሙላቱ አስታጥቄስ? በ1943 እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። መደርደሪያው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ሥራዎቹን ያወጣው ዎርዚ ሪከርድስ የሚባል የኒው ዮርክ ትንሽ አሳታሚ ነበርና ሸክላዎቹ በቀላሉ እጅ አይገቡም። ጋሼን ብትጠይቁ «እሱን ከኮምፒውተሩ» ብለው ወደ ልጃቸው ይልኳችኋል።

የሱቁ ሌላኛው ግማሽ ደግሞ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ማታ ማታ በግቢው ኢንተርኔት የሰበሰበችውን ቅዳሜ ይዛ ትመጣለች። ፍቅሯ ኢንዲፖፕ የሚሉት ነው፦ ጥቂት ልጆች በመኖሪያ ቤታቸው ጊታር ይዘው የሚሠሩት፣ ጥቂት መቶ ቅጂ የሚታተም፣ ጥራቱ ሻካራ፣ ዜማው ግን ልብ የሚበላ ሙዚቃ። ጅማ ውስጥ ለዚህ ገበያ አለ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አሁን እኔ ራሴ ደንበኛ ነኝ።

የጀመረችልኝ ብሪስቶል ከተማ በነበረው ሣራ ሪከርድስ ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በ1987 ከፍተው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር እየሰጡ ሄዱ። ሃምሳኛው ሙዚቃ ሳይሆን በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። በ1995 መቶ ሲሞላ ዘጉት። ኪሳራ አልነበረም፤ ይበቃል ብለው ነው። ጋሼ ይህን ሰምተው «በደህና ጊዜ የዘጋ ነጋዴ አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ከባንዶቹ ሁሉ እሳቸውን የማረካቸው ይኸው ነው። እኔ የወደድኩት የግላስጎዎቹን ዘ ኦርኪድስን ነው። ዘ ፊልድ ማይስ በጣም የሚወደዱ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሐዘናቸው ይበዛብኛል። ከአዲሶቹ ደግሞ በ2021 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡትን የሳን ፍራንሲስኮዎቹን ዘ አምብሬላስን ሰጠችኝ። አሳታሚያቸው ስላምበርላንድ በ1989 የተጀመረው ኃይሉ መርጊያ በስደት ይኖርበት በነበረው በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ይህን ስትነግረኝ አባትየው ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ታክሲው ውስጥ ተሳፍረውለት ይሆናል» አሉ።

የእሷ ሥራ የሚደነቀው በወረቀቱ ነው። ሙዚቃውን ገልብጣ ፍላሻችሁን ስትመልስ በእጅ ጽሑፍ የሞላ ቅጠል አብራ ትሰጣለች፦ ባንዱ፣ ከተማው፣ አሳታሚው፣ ዓመቱ፣ የሥራው ቁጥር፣ በመጨረሻም ባንዱ ሙዚቃውን በቀጥታ የሚሸጥበት አድራሻ። ቅጂ መውሰድ ለትንንሽ ሠሪዎች በደል መሆኑን ታውቃለች፤ እኔም ውስጤን ይከነክነኛል። በብር ከፍሎ ከውጭ አገር መግዛት ቀላል ባይሆንም፣ ውጭ ዘመድ ያለው እንዲያስገዛ ትገፋፋለች።

ቅሬታዬም ከዚሁ ነው። በመደርደሪያ ላይ ባንዱን ያስቀደሙት ጋሼ፣ ካሴቱን ወደ ፍላሽ ሲገለብጡት ግን «ትራክ 1»፣ «ትራክ 2» ብለው ብቻ ይሰጧችኋል። ቤት ስትደርሱ ሮሃው ከዳህላኩ ተቀላቅሎ ይጠብቃችኋል። ልጅቱ ለእንግሊዝ ባንዶች የምትጽፈውን ወረቀት ለአባቷ ካሴቶች የማትጽፈው ለምንድን ነው? ጠይቄያታለሁ። «አባዬ ሁሉን በቃሉ ያውቀዋል» አለችኝ። እኔ ግን ጋሼን ይዤ ቤቴ አልሄድ። ሌላው፣ ሲቀዱ ድምፁን ከመጠን በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ መርፌው ቀዩን ሲነካ ደስ ይላቸዋል፣ ሳክስፎኑ ግን ይፈነዳል። «ዝቅ ያድርጉልኝ ጋሼ» ብሎ አስቀድሞ መለመን ያስፈልጋል።

በጥንቃቄያቸው ግን አይታሙም። የጅማ ዝናብና እርጥበት ካሴት ያሻግታል፤ ክሩ ላይ ነጭ ብናኝ ታያላችሁ። ለዚህ ብለው መደርደሪያው ሥር አምፖል ያበራሉ። ከመቅዳታቸው በፊት የቴፑን ክዳን ከፍተው፣ የጆሮ ጥጥ አልኮል ነክረው፣ ድምፅ ማንበቢያውን ቀስ እያሉ ያብሳሉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይጥሉትና ሌላ ያነሳሉ፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ካሴቱን በእርሳስ ጥቂት አዙረው ክሩን ያጠብቃሉ። የምትጣደፉ ከሆነ እዚህ አትምጡ።

ዋጋው አንድ ካሴት መገልበጥ 100 ብር፣ የልጅቱ ሙሉ ፎልደር ከነወረቀቱ 150 ብር ነው። ሁለት ወንበርና ሁለት የጆሮ ማዳመጫ አለ፤ ማዳመጥ አያስከፍልም። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይከፍታሉ። ልጅቱን የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሂዱ። መብራት ከሄደ ቀረጻው ከመጀመሪያው ይደገማል እንጂ ከተቋረጠበት አይቀጠልም፤ ጋሼ የተቀጠለ ሙዚቃ ለደንበኛ አይሰጡም።