ለቁልቁለት የሚሆን፦ የጉልበት ማሰሪያ፣ ታጣፊ ዱላ ወይስ ሽመል?

የመስከረም 21 ግሸን ሲቃረብ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ምን ልግዛ?» ጦሳ ተራራ የሚወጡትም፣ ከደሴ በሐረጎ አድርገው ወደ ኮምቦልቻ በእግር የሚወርዱትም ያንኑ ይጠይቃሉ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴን አልደብቅም፦ ጥንድ ሽመል ግዙ። ገንዘብ ከተረፈ ማሰሪያ ጨምሩ። ታጣፊ ዱላውን ግን ተዉት።

ለታመመ ጉልበት ዋናው ጠላት ቁልቁለት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያንን ሁሉ ስትወርዱ በየእርምጃው የክብደታችሁ ብዙ እጥፍ ጉልበት ላይ ያርፋል። ሁለት ዱላ ከዚህ ላይ ለክንድና ለትከሻ ያካፍላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቁልቁለት ላይ ከ12 እስከ 25 በመቶ ጫና እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተራው ላስቲክ ማሰሪያ ክብደት አይሸከምላችሁም። ያሞቃል፣ ደገፍ ያደርጋል፣ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሽመል 150 ብር ተብዬ 90 ላይ ተስማማን። ጫፉ ላይ የሚገባው የክራንች ጎማ የሕክምና ዕቃ መሸጫ 80 ብር ነው። ጥንዱ ከነጎማው 340 ብር ማለት ነው። ታጣፊው ጥንድ 3,200 ተብሎ ጀምሮ 2,400 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ማሰሪያው 650 ተጠርቶ 450 ወረደ፤ ልብ በሉ፣ ለአንድ እግር ብቻ! ቁጥሩ ነገ ሊቀየር ይችላል፣ ልዩነቱን ያዙልኝ።

«ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው» የተባለው ታጣፊ ብዙውን ጊዜ ፎርጅድ ነው። ተጠምዝዞ የሚጠብቀውን ዓይነት ተጠንቀቁ። ውስጡ ያለችው ፕላስቲክ ስትበላ ዱላው ክብደት ሲያርፍበት ሸርተት ይላል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ቁልቁለት መሃል ነው። መለዋወጫ ብትፈልጉ አታገኙም። አንድ ጓደኛዬ ጋራዥ ወስዶ የውሃ ጎማ በሚያጠብቁበት የብረት ቀለበት አሳሰረው። ያዘለት፣ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፈም። እንግዲህ በ2,400 ብር የማይታጠፍ ዱላ ገዛ ማለት ነው። የግድ ታጣፊ ካላችሁ ከውጭ በክሊፕ የሚቆለፈውን ምረጡ፤ ክሊፑ ሲላላ ብሎኑን ማጥበቅ ይቻላል። ሱቁ ውስጥ ቆልፋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሽመል ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ጎማውን ከማስገባታችሁ በፊት ታችኛውን ጫፍ በቀጭን ሽቦ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። የወይራ ዱላ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ግን ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት ይዞ መሄድ ለክንድ ሌላ በሽታ ነው። የሽመሉ ቁመት ስትይዙት ክርናችሁ በ90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ይሁን። ከዚያ ትንሽ ተርፎ ቢቆረጥ ይሻላል፦ ስትወርዱ ከላይ ትይዙታላችሁ፣ ዳገት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ።

ማሰሪያ የሚገዛ ሰው ሜትር ይዞ ይሂድ። ከጉልበት በላይ ጭናችሁን ለክታችሁ ግዙ፣ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ለማንም አይሆንም። ሲላብ ይንሸራተታል፣ ቬልክሮው አቧራ ይዞ መያዙን ያቆማል። ልብስ ሰፊ በ50 ብር አዲስ ቬልክሮ ይሰፋላችኋል፤ አትጣሉት። እግር ከደነዘዘ ወዲያው አላሉት። ማግኔት አለበት ለተባለው ደግሞ አንድ ብር አትጨምሩ።

ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ፣ ቅባቱ ከክኒኑ ይሻላል። ክኒኑን በባዶ ሆድና በውሃ ጥም እየዋጡ መሄድ ጨጓራና ኩላሊት ላይ መፍረድ ነው። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም አልረግጥ ካለ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።